አሥራ ዘጠኝ ቦታ በቀይ

ጥቅምት 3

ለተከበሩት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ሳልዎስ ለቀቅ አደረገዎት ወይስ አሁንም «ሲጋራ ካቆምኩ ሃያ ዓመቴ ነው» እያሉት ይከራከሩታል? እኔ «ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምር እርስዎ ውሸት አይወዱም። ወገቤን ያመኛል፣ እንቅልፍ ይጎድለኛል፣ ከዚያ ውጪ ፈጣሪ ይመስገን።

አሁንም የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነኝ። ክፍላችን ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም። ከላይ በጋሪ የሚወርድልንን አንሶላ፣ ፎጣና ጋዋን እየለየን በየማሽኑ እንከታለን። አለቃዬ ቀኑን ሙሉ «ሴፓሬት! ሴፓሬት!» እያለ ይዞራል። በሕልሜም መጮህ ጀምሯል።

ዛሬ የምጽፍልዎት ለእርዳታ ነው። የአስተርጓሚነት ፈተና ተመዝግቤያለሁ፣ የካቲት ውስጥ ነው። ካለፍኩ ከምድር ቤቱ ወጥቼ በሐኪምና በታማሚ መሀል ቁጭ እላለሁ፤ ወገቤም ያመሰግነኛል። ችግሬ እነዚህ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ ሴፓሬት፣ ዲቫይድ፣ ስፕሊት፣ ሰቨር፣ ዲታች፣ ፓርት። መዝገበ ቃላቱ ሁሉንም «መለየት» ብሎ ተገላገለኝ። በሙከራው ፈተና ላይ አንዲት ሴት «ከባሌ ጋር ተለያየን» ስትል እኔ ሰቨር ብዬ ተረጎምኩ። ፈታኙ መነጽሩን አውልቆ «በምን? በቢላዋ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ አጎት እያለኝ ልዋረድ? ይግለጹልኝ፣ በምሳሌ።

እማዬን ሰላም ይበሉልኝ። ሁልጊዜ እጽፋለሁ፣ እርስዎ ሁልጊዜ ዘለውት ያልፋሉ። ከግቢያችሁ ግንብ ማዶ ናት እንጂ እንደኔ ባሕር ማዶ አይደለችም።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ

*

ጥቅምት 29

ልጄ ሆይ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ወገብሽን ይማርልሽ።

ደብዳቤሽ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ደረሰኝ። ደስ አለኝ፣ ከዚያም አረምኩት። ሰባት ስህተት አለብሽ፤ ከዚህ ጋር ተመልሶልሻል። ሕጉን ታውቂዋለሽ። ታርሞ ያልተገለበጠ ሥራ አልቀበልም። ሳስተምር ያልተቀበልኩትን ጡረታ ስወጣ አልጀምርም።

ወደ ጥያቄሽ። ሴፓሬት ሲባል ነገሮቹ ሙሉ እንደሆኑ ይቀራሉ፣ መሀላቸው ቦታ ብቻ ይገባል። አንሶላና ፎጣ። አለቃሽ ትክክል ነው፤ መጮሁን ግን ይተው። ሁለት ተማሪዎች ሲደባደቡ መሀል ገብተሽ ስትገላግዪም ሴፓሬት ነው፣ ማንም አልተቀደደም። ያቺ ሴትዮም ከባሏ ቤት ለይታ የምትኖር ከሆነ እሱን በይላት። ጋብቻው ገና በወረቀት አለ ማለት ነው።

ዲቫይድ ግን አንድ የነበረ ነገር ድርሻ ድርሻ ሆኖ ሲወጣ ነው። ዳቦ። አንድ ክፍል ተማሪ በአምስት ቡድን። ወይም አራት ክፍል ያለው ቤት፣ ሁለቱ ለአንዱ፣ ሁለቱ ለሌላው፣ በግቢው መሀል አንድ ሜትር ከሰማንያ ቁመት ያለው ግንብ። ወንዝ ከተማን ዲቫይድ ያደርጋል፣ ግንብ ግቢን። ሴፓሬት ስትዪ ጥያቄው «የቱ የቱ ነው?» ነው። ዲቫይድ ስትዪ ጥያቄው «ለኔ ስንት ደረሰኝ?» ነው። ይህን ከያዝሽ አትሳሳቺም።

የቀሩትን እነዚህን ስታጣጥሚ እልክልሻለሁ። ሳሌ እንደ ልማዱ ነው።

አጎትሽ

*

ኅዳር 22

ለጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ?

ሰባቱን ስህተት አርሜ፣ ገልብጬ፣ እነሆ። የአርባ ዓመት ሴት እኮ ነኝ ጋሼ! በምሳ ሰዓት ከማድረቂያው ማሽን አጠገብ ተቀምጬ ስገለብጥ ያዩኝ የሥራ ባልደረቦቼ ቅጣት የተሰጠኝ መስሏቸው ከንፈር መጠጡልኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን ያ ሁሉ ቀይ ቀለም ስድብ ነው። እኔ ግን እርስዎን ስለማውቅ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ማብራሪያዎ ገብቶኛል። ግንቡንም አውቀዋለሁ። ቁመቱን በሴንቲሜትር እንደሚያውቁት ግን አላውቅም ነበር። ዳቦውን በአንድ ቃል አልፈው ግንቡን ለክተው ጻፉት፤ እንዴት ነው ነገሩ?

ከሳቁ ልውጣ። የእማዬ የቪዛ ጉዳይ አልቋል። ጥር 20 ጠዋት ትበራለች። ለጉብኝት አይደለም፣ ጠቅልላ ወደኔ ነው የምትመጣው። የእሷን ሁለት ክፍል ለተከራይ ትሰጣለች። እርስዎ ሰባ አንድ፣ እሷ ስልሳ አምስት። ከዚህ በኋላ በዓይነ ሥጋ መተያየታችሁን እኔ እንጃ። የፊት ለፊቱ ክፍል ለስፌት መኪና ይሁን ለመጽሐፍ መደርደሪያ በሚል ነገር የተጀመረ ኩርፊያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! አባቴ ሲሞት ወደ አባታችሁ ቤት ስትመለስ እኮ በሩን የከፈቱላት እርስዎ ነበሩ።

በሞቴ፣ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ከበርዎ ወጥተው በበሯ ይግቡ። ባለፈው ስመጣ ቆጥሬዋለሁ፣ ሃያ ስድስት እርምጃ ነው። ምንም መናገር አይጠበቅብዎትም፣ መቀመጥ ብቻ።

ከቀሩት ቃላት ፓርትን ያስቀድሙልኝ። እሱ ነው ጨርሶ ያልገባኝ።

አክባሪዎ

*

ታኅሣሥ 20

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

ዘገየሁ። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፣ ጡረተኛ ምን ሥራ አለው። ገልብጠሽ የላክሽው ንጹህ ነው፣ ራይት አድርጌበታለሁ።

ስፕሊት። እንጨት በመጥረቢያ። ስንጥቁ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ነው የሚሄደው። ለወዳጆችና ለዘመዶችም ይሆናል። ላየው ሰው ድንገት የሆነ ይመስላል፣ መስመሩ ግን ድሮም ነበረ።

ሰቨር። በአንድ ምት፣ የማይመለስ። ገመድ፣ ጅማት፣ ጣት። ግንኙነትም ይሰቨራል፤ ሰው ግን ተይ። «ከባሌ ጋር ያለኝን ግንኙነት» ካልሽ ያልፋል፣ «ባሌን» ካልሽ ፖሊስ ይጠራል። ፈታኙ እውነቱን ነው።

ዲታች። ተመልሶ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነገር ሲወጣ። ከቅጽ በነጠብጣቡ ላይ የምትቀጂው ቁራጭ። ወይም የካፖርት ኮፍያ፣ በቁልፍ የሚያያዝ። እናትሽ መጀመሪያ ስቀጠር የሰፋችልኝ ካፖርት እንዲያ ነው። ኮፍያው ወልቆ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈዋል፣ ቁልፎቹ ግን ሁሉም አሉ።

ፓርትን ሌላ ጊዜ።

ስለ ሌላው ጉዳይ። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሸጠችው መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ያን ድምፅ ሳልሰማ ስነሣ ሰዓቱ ይጠፋብኛል። እኔ ግን አልሄድም። ምክንያቱን ካላወቅሽ ልንገርሽ፦ መልስ ሳትሰጥ የቀረችው እሷ ናት። ግንቡ ሳይሠራ ሳምንት ሲቀረው ደብዳቤ ጽፋልኝ ነበር። እኔም የድርሻዬን አድርጌ መልሼላታለሁ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ በእሷ እጅ ነው፣ ተራውም የእሷ ነው።

አጎትሽ

*

ጥር 8

ጋሼ፤

ሰላምታውን በሌላ ቀን አሟላለሁ። ይህን የምታደርስልዎት ለዕረፍት ወደዚያ የምትሄድ ነርስ ናት። ስልክ ያስገቡ ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩዎት! ቢሰሙኝ ኖሮ አሁን ወረቀት ላይ አልጮህም ነበር።

ለእማዬ ደወልኩ። «ጋሼ ደብዳቤሽን መልሼላታለሁ ይላሉ፣ ምን ብለው ነው የመለሱት?» አልኳት። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለኔ ያልነገረችኝን ነገረችኝ።

እማዬ ከስድስተኛ ክፍል ለምን እንደወጣች ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። አያቴ አልጋ ስትይዝ ከሁለታችሁ አንዱ ቤት መቅረት ነበረበት። እርስዎ መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ፣ እሷ መርፌ ያዘች። አንድም ቀን ሲቆጫት ሰምቼ አላውቅም። ያቺ ሴት ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀት ላይ ተደፍታ «ግንቡ ይቅር ወንድሜ» ብላ ጻፈችልዎት። እርስዎ አሥራ ዘጠኝ ቦታ በቀይ አርመው በበሯ ሥር አስገቡላት። አሥራ ዘጠኝ! ምን ነካዎት ጋሼ? ከታች ምን ብለው እንደጻፉም በቃሏ ታውቀዋለች፤ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አጻጻፉ ይስተካከል።»

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ሳቄን ሳልጨርስ አለቀስኩ። «ሐሳቡ ጥሩ ነው» ካሉ ታዲያ ግንቡ ለምን ቆመ?

ተቆጥቼብዎታለሁ። ተቆጥቼም እወድዎታለሁ፣ ምን ላድርግ። ጥር 20 ጠዋት በሁለት ሰዓት ታክሲ ይመጣላታል። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ አንድ ሳምንት ከምናምን ይቀራል። ሃያ ስድስት እርምጃ፣ ጋሼ።

*

ጥር 23

ልጄ፤

ነርሷ ደብዳቤሽን ያደረሰችልኝ ጥር 11 ነው። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ቀዩን እስክሪብቶ አላነሣሁም።

ግንቡ ለምን ቆመ ላልሽው፣ ከፈለግሽ ሳቂብኝ። ለእኔ ማረም ማለት መቀበል ነበር። ተስፋ የቆረጥኩበትን ተማሪ ወረቀት አላርምም፣ እንዳለ ነው የምመልሰው። ደብዳቤዋ ሲደርሰኝ ደስታዬን የማሳይበት ሌላ መንገድ አላወቅኩም። አርማ፣ ገልብጣ፣ ትመልስልኛለች፤ እኔም ራይት አድርጌበት ግንበኞቹን አሰናብታለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ማክሰኞ የለም፣ ሐሙስ የለም፣ እሑድ የለም። ሰኞ ጠዋት ግንበኞቹ መጡ። ወረቀቱ አልመጣም። ናቀችኝ ብዬ ደሜ ፈላ፣ የግንቡን መስመር የሚለኩበትን ሲባጎ ራሴ ያዝኩላቸው። ከስድስተኛ ክፍል ማን እንዳስወጣት ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። የማይረሳውን ረሳሁት ልጄ። ከመምህሩ ሁሉ ደደቡ እኔ ነበርኩ።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሚ። ዘጠኝ ቀን ነበረኝ። ሄዶ በሯን ማንኳኳት ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ደብዳቤ ልጻፍላት፣ እሱን ይዤ ልግባ ብዬ ተቀመጥኩ። ጻፍኩ፣ አላማረኝም፣ አረምኩት። ገለበጥኩት፣ አሁንም አረምኩት። አምስት ጊዜ። ጥር 20 ጠዋት ስድስተኛውን እየገለበጥኩ ታክሲው ጡሩምባ ነፋ። «አንድ መስመር ነው የቀረኝ» አልኩ፤ ለማን እንዳልኩ እንጃ። ሻንጣዋ በጠጠሩ ላይ ሲጎተት ሰማሁ። ጎረቤቶቿ ሲስሟት ሰማሁ። ከዚያ እርምጃዋ በኔ በር ፊት ለፊት ቆመ። ግራ እግሯን ጎተት ስለምታደርግ አልስተውም። ቆማ ቆየች። እኔ የመጨረሻዋን ነጥብ እያስቀመጥኩ ነበር። ካፖርቴን ደርቤ በሩን ስከፍት ታክሲው መታጠፊያው ላይ ደርሷል። ወረቀቱን ይዤ እንደ ጅል መንገድ ላይ ቀረሁ።

የጠየቅሽኝን ቃል አሁን ልነግርሽ እችላለሁ። ፓርት ሰዎች በር ላይ ቆመው፣ እየተያዩ፣ «በይ እንግዲህ»፣ «በል እንግዲህ» ተባብለው የሚለያዩት ነው። ቢላዋ የለበትም፣ ድርሻ የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ ኀዘን አለበት፤ ለሰውም፣ እየሳሳሽለት ለምትሰጪው ዕቃም ትዪዋለሽ። ሌሎቹን አምስቱን አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርጋቸው ይችላል። ግንብ ለማሠራት አንድ ሰው ይበቃል። ፓርት ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዷ መጥታ ቆማ ነበር። ለፈተና ከመጣብሽ ይህን ጻፊ፣ የኔን ስም ብቻ አትጥሪ።

ስድስተኛውን ንጹሁን ደብዳቤ ቀድጄዋለሁ። ከዚህ ጋር የላክሁልሽ የመጀመሪያው ነው፣ ስርዝ ድልዝ የሞላበት። ለእናትሽ ስጫት።

አጎትሽ

*

የካቲት 27

ለጋሼ፣ ለምወድዎት፤ እንዴት ከረሙ? ሳሉስ?

ፈተናውን አለፍኩ! ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ መስኮት ያለው ክፍል። ዲታችና ሰቨር መጡ፣ ሁለቱንም አገኘኋቸው። ፓርት አልመጣም። ያን ያህል ከፍለውበት ሳይመጣ መቅረቱ እኔን አናደደኝ።

እማዬ ደህና ገብታለች። ብርዱን ትረግማለች፣ የጎረቤቶቼን መጋረጃ በነፃ ታሳጥራለች፣ ቋንቋ ሳትችል ከኔ በላይ ወዳጅ አፍርታለች። ደብዳቤዎን የሰጠኋት ባለፈው እሑድ ነው። መስኮቱ ጋ ቆማ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ስርዙን በጣቷ እየተከተለች፣ «የራሱንም እንዲህ ነው እንዴ የሚሰርዘው?» አለችኝ። «አምስት ጊዜ» አልኳት። «እኔ ለኔ ብቻ መስሎኝ» አለችና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

ከዚያ «ሻንጣዬን አምጪ» አለችኝ። የሻንጣው ገበር አንድ ጥግ ላይ በእጅ የተሰፋ ቦታ ነበረው። ክሩን በጥርሷ በጥሳ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

ጋሼ፣ ገልብጣዋለች። ያኔውኑ። ደብዳቤው ታርሞ ሲመለስላት አምስት ቀን አኩርፋ ከረመች፤ ከዚያ «ወንድሜ መቼም ሌላ አያውቅበትም» ብላ እሑድ ቀኑን ሙሉ ስትገለብጥ ዋለች። ሰኞ ጠዋት ይዛው ወጣች። ከግንበኞቹ ጋር ሲባጎ ይዘው ቆመው አየችዎት። «እሱ ራሱ ከያዘው እኔ ምን እላለሁ» ብላ ተመለሰች። እርስዎ ሩብ ሰዓት ቢታገሡ፣ እሷ ሩብ ሰዓት ብትቀድም ... እኔ ሁለታችሁን ምን ልበላችሁ? የአንድ እናት ልጆች መሆናችሁን በዚህ አወቅኩ።

ወረቀቱ ይኸውልዎት። ምን ብዬ ልስጥልሽ ብላት «የቤት ሥራዬ ነው፣ ዘገየ በዪው» አለችኝ። ሌላ የተጨመረ ቃል የለውም።

የእህትዎ ልጅ

*

መጋቢት 21

ልጄ፤ እንኳን ከምድር ቤት ወጣሽ። እንኳን ፀሐይ አየሽ። አንቺን የመሰለች ተማሪ አላስተማርኩም፣ ይህን የምልሽ ላጽናናሽ አይደለም።

የእናትሽ ወረቀት ደረሰኝ። እውነቱን ልንገርሽና፣ በደረሰኝ ቀን አልከፈትኩትም። በማግስቱ ጠረጴዛዬን ጠርጌ፣ መነጽሬን አጥቤ፣ ተቀመጥኩ።

ንጹህ ነው። አሥራ ዘጠኙም ተስተካክሏል። የሚገርም የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቹ በመርፌ የተሰፉ ይመስላሉ። ራይት ላደርግበት ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሴ አወጣሁ። ከዚያ አንድ ነገር ጎደለኝ። ደግሜ አነበብኩት። መሀሉ ላይ የነበረ አንድ ዐረፍተ ነገር የለም። እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ሙሉውን ሰርዤ ዳር ላይ «ከጉዳዩ ጋር አይሄድም» ብዬበት ነበር። እናትሽ ታዛዥ ናት፣ አውጥታዋለች። እኔ ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ከተኳረፍን ወዲህም ምሳ ሳቀርብ ሁለት ሳህን ነው የማወጣው» ይል ነበር።

ጉዳዩ እኮ እሱ ነበር። የቀረው ሁሉ ነው የማይሄደው።

ራይት አላደረግኩም፣ ያን ለማድረግ ምን መብት አለኝ። ለእናትሽ ንገሪያት፣ ያንን ዐረፍተ ነገር መልሳ ትጻፍልኝ፤ እንደፈለገች፣ ከነስህተቱ። እስክሪብቶውንም ከዚህ ጋር ልኬላታለሁ። የኔን ደብዳቤ ታርምበት፣ ብዙ አለው። ካልፈለገች የልብስ ልክ ትጻፍበት።

ከግንቡ ማዶ ተከራዮች ገብተዋል። ደህና ሰዎች ይመስላሉ፣ ሬዲዮ ይወዳሉ። ግንቡን ላፈርሰው አሰብኩ፣ ከዚያ ለማን ብዬ አልኩ። ካፖርቴ ላይ ግን ኮፍያውን መልሼ ቆልፌዋለሁ። መጋቢት ላይ በሙቀቱ ኮፍያ ደርቤ ስሄድ የድሮ ተማሪዎቼ አበደ ብለውኛል አሉ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ይህን ደብዳቤ አላረምኩትም፣ ሳላነበው ነው የማሽገው። ዛሬ ምሳ ሳቀርብ ሁለት ሳህን አወጣሁ። ንገሪያት።

ወንድሟ